የጭብጨባ ግዝት

ሰው ሲናደድ አማራጭ አያጣም። ይሳደባል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥቶ ይተኛል፤ ባስ ሲልም ዘመድ ቤት ሄዶ ሦስት ቀን ያኮርፋል። እኔ ግን ይህ ሁሉ እያለልኝ ገዘትኩ። ለዚያውም አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ አይደለም፤ አንድ የኳስ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ነው የገዘትኩት። የኔ ዕጣ እንዳይደርሳችሁ አንድ ምክር ልስጣችሁ። ስትናደዱ በርጩማ ፈልጉና ቁጭ በሉበት። እኔም በርጩማውን አግኝቼ ነበር፤ ጥፋቴ ቆሜበት መናገሬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣላችሁ። ይጁቤ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። የከተማችንን ቡድን ማልያ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ የደጋፊዎቹም ሰብሳቢ እኔው ነኝ። ሰብሳቢ ያደረጉኝ ችሎታዬን አይተው እንዳይመስላችሁ፤ የሱቄ በረንዳ ሰፊ ስለሆነና ዝናብ ስለማያስገባ ነው። ማልያችን ነጭ ስለሆነና በጤፋችን ስለምንኮራ ቡድኑን ማኛ እንለዋለን። ስንሸነፍ የጎረቤት ከተማ ሰዎች «ማኛው ገለባ ሆነ» ይሉናል። ብዙ ጊዜ ይሉናል።

ሱቄ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና አለ። አንዱ የኔ፣ ሁለተኛው የታናሽ ወንድሜ የምናለ ነው። ምናለ የማኛ በረኛ ነበር። ነበር ማለቴ ካለፈው ሚያዝያ ወዲህ በር ላይ ስላልቆመ ነው። በዚያ ወር ከቁይ ቡድን ጋር ስንጫወት አለበል የሚባል አጥቂ ነበራቸው። አየር ላይ ያገኘውን ሁሉ በግንባሩ ስለሚመታ ግንደ ቆርቁር ይሉታል። የማዕዘን ምት ተመታ። ምናለም ዘለለ፣ አለበልም ዘለለ። ኳሱ መረብ ውስጥ ገባ፤ ወንድሜ በቀኝ ክንዱ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ጥፋት ሊል ነው ብለን ስንጠብቅ ጎል ነው አለ።

ክንዱ ደብረ ማርቆስ ባለ ወጌሻ እጅ በሁለት ወሩ ዳነ። ጓንቱ ግን ሳጥን ውስጥ ቀረ። አንድ ቀን «መቼ ነው የምትመለሰው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ኳስ ሲነሳ ዓይኔ ይጨፈናል» አለኝ። ዓይኑ የተጨፈነ በረኛ ከግንድ በምን ይሻላል? ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ኳስ የሚባል ቃል አላነሳሁበትም። ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የሰው ሱሪ ሲያሳጥር ሳየው ልቤ ይሰበር ነበር።

ግዝቱ የወረደው ክንዱ በተሰበረ ማግስት ነው። ደጋፊው በረንዳዬን ሞልቶ ይንጫጫል፤ ምናለ ክንዱ በሸንበቆ ታስሮ ጓዳ ተኝቷል። እኔ በርጩማ ላይ ወጣሁ። ድምፄን እንደ ቄስ አወፍሬ፣ «ከዛሬ ጀምሮ፣ አለበል ለሚባለው ሰው ያጨበጨበ፣ በርታ ያለው፣ ስሙን በደግ ያነሳ፣ በጊዮርጊስ ግዝት ይሁንበት» አልኩ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ይሁን» አለ።

ግዝት እኛ አገር ቀልድ አይደለም። ዳኛ ፊት ሽምጥጥ አድርጎ የሚክድ ሰው በግዝት ሲያዝ ምላሱ ይተሳሰራል። የዚያን ቀን ግን ማናችንም ግዝቱ አልከበደንም። አለበል የቁይ አጥቂ ነው፤ ይጁቤ ላይ ተቀምጦ ለቁይ አጥቂ የሚያጨበጭብ ማን ነው? የማይወዱትን ምግብ መጾም ማንንም አያስርብም። እንዲያውም ደስ ብሎን ተበተንን። ከጎኔ ሱቅ ያለው ሰይድ ብቻ ከበሩ ላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። «ጎረቤት» አለኝ፣ «ገመድ ስትፈትል መፍቻውንም አብረህ አስብ።» ሰይድ ስኳርና ሳሙና ነው የሚሸጠው፤ ምክሩን ግን በነፃ ነው የሚያድለው። ለዚህ ይሆናል ያልሰማሁት።

ዘንድሮ የዞኑ ውድድር ሲጀመር ማኛ በአራት ጨዋታ አንድ ጎል አገባ። እሱንም ያገባልን የተጋጣሚያችን ተከላካይ ነው፤ በስህተት የራሱ መረብ ውስጥ ከተተው። በር ላይ የሚቆምልን አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ትኩስ ነገር ሲመጣ እጁን የመሰብሰብ ልማድ አለበት። ሁላችንም ተስፋ ቆርጠን በረንዳው ላይ እንደተቀመጥን የቡድን መሪያችን መምህር ታድሎ መጣ።

«አጥቂ አግኝቻለሁ» አለ።

«ማንን?»

«ረጅም ነው። በጭንቅላቱ ይጫወታል።»

«እኮ ማንን?»

«ጎል የት እንዳለ ያውቃል።»

«መምህር፣ ሰውየው ስም የለውም?»

መምህር ታድሎ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «አለበል ነው» አለ።

ከሱቁ ውስጥ የምናለ መኪና ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ብድግ አለና ማንንም ሳያይ በመካከላችን አልፎ ሄደ። ቁስሉን የነካካነው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ክርክር ከማንም በላይ የጮኽኩት ለዚህ ነው።

«ክንዳችንን የሰበረ ሰው ማልያችንን ሊለብስ ነው?» አልኩ። «ቁጥሩንስ ማን ሊሰፋለት?»

«አጥፍቷል» አለ መምህር፣ «ግን ጎል ያገባል።»

ከደጋፊዎቹ መካከል ፀጉር አስተካካዩ ጣልቃ ገባ። «በሬው የጠላት ቢሆንስ፣ መሬታችንን ካረሰልን ምን ቸገረን?»

«አርሶ ሲያበቃ ቢወጋንስ?»

«ዞሮ ቁይን እንዲወጋ እኮ ነው ያመጣሁት» አለ መምህር።

ይህ አባባል ብዙ ሰው አሸነፈ። አንዱ ሽማግሌ ግን ሰው ከነጠባዩ ነው የሚመጣው አሉ፤ ሌላው ጠባይ ከአገር አገር ይለወጣል አለ፤ ሦስተኛው በአራት ጨዋታ አንድ ጎል ያገባ ቡድን ስለ ጠባይ የመምረጥ መብት የለውም አለ። ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ዘልቆ ወደ ስምምነት ሲቃረብ ፀጉር አስተካካዩ ድንገት እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ጎበዝ፣ ግዝቱስ?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እኔ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት በጣም ተቸግሬ ነበር።

እሑድ ከጉንደ ወይን ጋር ተጫወትን። አለበል ገና ጨዋታው ሳይሞቅ በግንባሩ አንድ ጎል አስቆጠረ፤ ጥርት ያለ ጎል ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሜዳው በተናወጠ። የዚያን ቀን ግን ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ተፋጠጠ። ደስታችን መውጫ አጥቶ ደረታችን ውስጥ ይንገላታል። ፀጉር አስተካካዩ ጭኑን በጥፊ መምታት ጀመረ፤ ጭን በግዝቱ አልተጠቀሰም አለ። ሌላው ያፏጫል። አንዱ ሳያስበው ሁለቴ አጨበጨበና ደንግጦ፣ «ኳሱን ላቀበለው ነው ያጨበጨብኩት» ብሎ አማተበ። ከጉንደ ወይን የመጣ አንድ ጨዋ ሰው ጠጋ ብሎ በዝግታ፣ «እግዜር ያጥናችሁ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? ንዴቴ ነው የገደለን ልበለው?

በዚህ መካከል የሁሉም ዓይን ሰይድ ላይ አረፈ። በጊዮርጊስ ስም የተገዘተ ግዝት ሰይድን አይዘውም። እሱም ገብቶታል፤ ግን አልተነሳም።

«እናንተ ታስራችሁ እኔ ብቻዬን ባጨበጭብ ጉርብትና ነው?» አለ።

«ሰይድ፣ በአላህ» አለ መምህር ታድሎ፣ «ልጁ ወደኛ እያየ ነው።»

ሰይድ ተነስቶ ብቻውን አጨበጨበ። ያን ጊዜ ከየአቅጣጫው ልመና ወረደበት። አንዱ «የኔንም» ይለዋል፤ ሌላው «የኔን ጠንከር አድርጋት» ይለዋል፤ አንዲት እናት «የባሌንም ጨምርልኝ፣ ማርቆስ ሄዶ ነው» አሉት። ሁለተኛው ጎል ሲገባ መዳፉ ቲማቲም መስሎ ነበር። ከዚያ በኋላ አለበል ኳስ በያዘ ቁጥር ሰይድ ሦስተኛ ጎል እንዳያገባ ዱዓ ያደርግ ነበር። ዱዓው ደረሰለት፤ አለበል ሁለት ላይ አቆመ። ዳቦ ጋጋሪያችን ግን ሦስት ገባበትና ተሸነፍን።

ጨዋታው ሲያልቅ አለበልን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ አየሁት። ሣሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይፈታል። ቀንድ ያለው ሰው ጠብቄ ነበር መሰለኝ፤ ያየሁት ግን ጆሮው ሰፊ የሆነ ዓይን አፋር ጎረምሳ ነው። «መምህር» ይላል ቀና ሳይል፣ «ሁለት ጎል አግብቼ ያጨበጨበልኝ አንድ ባለሱቅ ነው። ያጠፋሁትን አውቃለሁ። ግን እንዲህ ተጠልቼ መጫወት አልችልም። የሚመጣው እሑድ ከቁይ ጋር ነው አይደል? እንዲህ ከሆነ ከእነሱ ጋር ወደ አገሬ ልመለስ።»

እንደማልሰማ ሆኜ አለፍኩ። ማታ ግን እራት አልወረደልኝም። ስለዚህ በማግስቱ ማልጄ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

አባ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ነገሩን ከነበርጩማው ነገርኳቸው።

«አንተ ዲያቆን ነህ?» አሉኝ።

«አይደለሁም፣ አባ።»

«ቄስስ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አባ።»

«ታዲያ በምን ሥልጣንህ ገዘትክ?»

«በንዴት ነው።»

«ንዴት ክህነት የለውም» አሉ። «ቢሆንም የሰማዕቱን ስም ጠርተሃል፤ ሕዝቡም ይሁን ብሏል። እንዲያው ተወው ብዬ አልሰድህም። የተበደለው ማን ነው?»

«ወንድሜ።»

«እሱ ምን አለ?»

ሰባት ወር ሙሉ ስለ ወንድሜ ስናደድ ኖሬ ወንድሜን አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። አባ ፊቴን አይተው መልሱን አገኙት።

«ሂድና ጠይቀው። ይቅር ካለ ሁላችሁም ኑ፤ እፈታችኋለሁ።» ልሄድ ስነሳ ግን ጋቢዬን ያዝ አደረጉኝ። «ደግሞ ያ ጎል መጽደቅ አልነበረበትም። በረኛው ተገፍቷል።»

«አባ፣ ኳስ ይከታተላሉ እንዴ?»

«በሜዳው ዳር አልፋለሁ» አሉና ወደ ፀሐያቸው ተመለሱ።

ሱቅ ስደርስ ምናለ ሥራ ላይ ነበር። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። መጀመሪያ ስለ አየሩ አወራሁት። ከዚያ ስለ ሸሚዝ ቁልፍ። የቁልፍ ነገር ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው፤ ምናለ ክንዱ ከዳነ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ክርና ቁልፍ ልግዛ እያለ ማርቆስ መሄዱን አልተወም ነበር። ሱቃችን ውስጥ ያለው ቁልፍ የይጁቤን ሰው በሙሉ ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይቆልፈዋል።

«ምናለ» አልኩ በመጨረሻ፣ «ያን... ያን ሰውዬ ይቅር ልትለው ትችላለህ?»

እግሩን ከመኪናው መርገጫ አነሳ። «አለበልን?»

«እሱን።»

«ጋሼ፣ እኔና እሱ ከታረቅን እኮ ስድስት ወር አለፈን።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አሁን እንኳ ቆሜ አልሰማም።

«ወጌሻው ዘንድ ስመላለስ በየቅዳሜው ከቁይ እየመጣ ማርቆስ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር» አለኝ። «መጀመሪያ ቀን ክንዴን ሲያየው አለቀሰ። እኔ እያመመኝ እሱን ሳባብል ዋልኩ። ሲሻለኝ ኳስ ይወረውርልኝ ጀመር፤ መጀመሪያ በእጁ ቀስ እያለ፣ ኋላ በእግሩ። አሁን ዓይኔ አይጨፈንም። ግን ጨዋታ ላይ የማዕዘን ምት ሲመታ ከፊቴ ማን እንደሚቆም ሳስብ እፈራለሁ። የሚያስፈራኝ ሰው ከፊቴ ሳይሆን ከጎኔ ቢቆም ፍርሃቱ ይለቀኛል ብዬ አሰብኩ። መምህር ታድሎን አምጣው ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ምናለ የያዘውን ሱሪ አገላበጠ። «ጓዳ ተኝቼ ሰምቼሃለሁ እኮ። ስሙን በደግ ያነሳ ግዝት ይሁንበት አልክ። በክፉ እንዳላነሳው ደግ ሰው ነው። በደግ እንዳላነሳው አንተ አሰርከኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ መምህር ስሙን ሲጠራም ደስታዬን እንዳታዩብኝ ተነስቼ ወጣሁ። አሁንም ስነግርህ ግዝቱን አፍርሻለሁ።»

እንግዲህ አስቡት። ወንድሜን የጎዳውን ሰው የቀጣሁ መስሎኝ የወንድሜን አፍ ነው የሸበብኩት። ከኔ ሁለት ክንድ ርቆ ተቀምጦ ደስታውን ለብቻው ይዞ ኖሯል። አፈርኩ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬ አውቃለሁ፤ እንዲህ ግን አፍሬ አላውቅም። «ይቅር በለኝ» አልኩት። «እንኳን አንተን፣ እሱንም ይቅር ብያለሁ» አለኝ፣ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሶ።

ሐሙስ ከቅዳሴ በኋላ ደጋፊው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰበ። ያን ያህል ሰው ጨዋታም ላይ አይገኝ። ሰይድ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ «እኔ የማስፈታው የለኝም፤ እጄ ሲያርፍ ልይ ብዬ ነው» ይላል። እኔ እንደ አገሩ ደንብ ይቅርታ ልጠይቅ ድንጋይ ተሸክሜ መጣሁ። በሌላው በር ደግሞ አለበል ከኔ የሚበልጥ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ገባ። መካከል ላይ ተገናኘን።

«አንተ አውርድ» አልኩት፣ «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አይሆንም፣ ጋሼ። የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ ስንቱን ሰው ነው ያሰርኩት።»

«ቢሆንም አላወርድም።»

ላባችን እየተንቆረቆረ ስንከራከር አባ ብቅ አሉ። «አጥር ልትክቡልኝ ነው? ጣሉትና ተሳሳሙ» አሉን። ጣልነው። ምናለ በመካከላችን ቆሞ ሁለታችንንም አቅፎ ሳመን። አለበል አሁንም አለቀሰ፤ ልጁ ለካ ግንባሩ ነው ጠንካራ እንጂ ሌላው ሁሉ ቅቤ ነው።

ከዚያ አባ ሕዝቡን አሰልፈው የያንዳንዱን ራስ በመስቀላቸው እየነኩ «እግዚአብሔር ይፍታ» ይሉ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ ተራው ሲደርስ፣ «አባ፣ እኔ በጭኔ ነው ያጨበጨብኩት፣ እሱስ?» አላቸው። «እሱም ይፍታህ፤ እለፍ» አሉት። ለኔ ግን ቀኖና ሰጡኝ፤ አርባ ስግደት፣ በዚያ ላይ እስከ ሰኞ ስለ ማንም ክፉ ቃል እንዳልናገር።

«ስለ ማንም?» አልኩ።

«ስለ ዳኛውም» አሉ።

እሑድ ከቁይ ጋር ተፋጠጥን። ምናለ ጓንቱን ከሳጥን አውጥቶ በር ላይ ሲቆም ሜዳው ጮኸ። አለበል አገባ፤ ሰባት ወር የተጠራቀመ ጭብጨባ በአንድ ጊዜ ፈነዳ፤ ሰይድ እግሩን ዘርግቶ ቆሎ በላ። ቁይም አገባ። ዳኛው አንድ የለየለት ጥፋት ሲያልፍብን አፌ ተከፈተ፤ ቀኖናዬ ትዝ ሲለኝ፣ «ዳኛው ደግ ሰው ነው፤ ዓይኑን ብቻ እግዜር ያሽርለት» ብዬ አበረድኩት።

አንድ ለአንድ ሆነን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ቁይ የማዕዘን ምት አገኘ። አለበል ለመከላከል ወደ ኋላ ሮጦ መጣና ከምናለ ጎን ቆመ። ሁላችንም ያችን የሚያዝያ ቀን ነበር የምናስበው። ኳሱ ተነሳ። አለበልም ዘለለ፣ ምናለም ዘለለ። ያኔ የኔ ዓይን ተጨፈነ።

ግጭት ሰማሁ። ሰው ሲወድቅ ሰማሁ። ቀጥሎ የሰማሁት የወንድሜን ድምፅ ነው። «የኔ ነው ስልህ ልቀቅልኝ እንጂ! ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

ዓይኔን ገለጥኩ። ምናለ ኳሱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። መሬት የወደቀው አለበል ነው፤ ግንባሩን እያሻሸ «እሺ፣ እሺ» ይላል። ምናለ አንድ እጁን ዘርግቶ አነሳው። የዘረጋው ያኔ የተሰበረውን ቀኝ ክንዱን ነበር። ከዚያ ኳሱን እስከ መሐል ሜዳ ለጋውና ገና በሁለት እግሩ ሳይቆም ተከላካዮቹን ሁሉ ይሳደብ ጀመር፣ እንደ ድሮው።

ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል። ሰይድ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «ጎረቤት፣ ተፈትተሃል እኮ። አታጨበጭብም?»

«ቆይ» አልኩት። በሁለቱም እጄ እንባዬን እየጠረግኩ ነበርና አልተመቸኝም።